በወሎ ሐይቆች ላይ የሚነዳ ያገለገለ የሞተር ጀልባ እንዴት ይገዛል?

ጅቡቲ ባሕር ላይ የሚከንፍ ሞተር ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ያዘግማል። የሐይቅ ውሃ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት እዚህ የ12 ያህል ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሻጩ ያለበት ቦታ ላይ የታየው ፍጥነት ብዙም አያስደስታችሁ።

1. መጠኑን ቀድማችሁ ወስኑ

ለአራት ሰው ቤተሰብ ከ4 እስከ 4.5 ሜትር ርዝመት ያለው ይበቃል። የሰው ብዛቱን ለመገመት ርዝመቱንና ሰፊውን ወርድ በሜትር አባዙ፤ ውጤቱን በ0.7 አባዙት። 4.2 በ1.6 የሆነ ጀልባ 4.7 ይሰጣል፤ ይህ ማለት አራት ሰው ነው። ዘመድ መጣ ተብሎ አምስተኛ አይጨመርም። አምራቹ የለጠፈው የክብደት ሰሌዳ ካለ ግን የሚታመነው እሱ ነው፤ ትልቁን የሞተር ጉልበትም ይናገራል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ቀላልና ለጥገና የማያስቸግር ነው፤ ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል ያልተቃጠለውን ውሃ ላይ ይተፋል። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የፈሰሰው ዘይት እዚያው ይቀራል። ዋጋው ከተቀራረበ ባለ አራት ምቱን ውሰዱ። ባለ 15ቱ 50 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል።

2. አካሉን መርምሩ

ፋይበርግላስ ከሆነ በመዶሻ እጀታ ወለሉንና ጎኑን አንኳኩ። ጠንካራው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ውስጡ የተላቀቀው ድምፁ ይታፈናል። ወለሉ ላይ ስትቆሙ እግራችሁ ሥር የሚረግብ ቦታ ካለ ሥሩ ያለው እንጨት በስብሷል ማለት ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ጀልባ ሲቀርብላችሁ ይበልጥ ተጠራጠሩ።

ከሁሉም የሚብሰው ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው። ሞተሩ ታስሮ ሳለ ታችኛውን ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ግድግዳው አብሮ ከተወዛወዘ ወይም በብሎኖቹ ዙሪያ ከተሰነጠቀ ተዉት። ጥገናው ግድግዳውን ቆርጦ አውጥቶ እንደገና መሥራት ነው፤ የጀልባውን ግማሽ ዋጋ ሊበላ ይችላል።

አሉሚኒየም ከሆነ መሬት ላይ በእንጨት ደግፋችሁ ውስጡ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ጨምሩ። የሚያፈሰው ሪቬትና ብየዳ በውጭ በኩል ራሱ ይታያል።

3. ሞተሩን ሳይነሳ እዩት

ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀዝቅዞ አልነሳ የሚል ሊሆን ስለሚችል እስኪበርድ ጠብቁ።

ከታች ያለውን የማርሽ ዘይት ብሎን ትንሽ ላሉ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ውሃ የሚከለክለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ተበልቷል። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የእመቃ ግፊት) አስለኩ። ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በከፍታ ምክንያት ቁጥሩ በመጽሐፉ ካለው ወደ 20 በመቶ ዝቅ ማለቱ ጤናማ ነው። የሚያስፈራው የሲሊንደሮቹ መለያየት ነው፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት።

የጨው ውሃ ላይ የሠራ ከሆነ ብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ይታያል። ጨው የማቀዝቀዣ ቱቦዎችን ስለሚደፍን ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) ደህና መስሎ ጋዝ ሲጨመር ይግላል።

4. ውሃ ውስጥ አስነሱት

ደረቅ ላይ አታስነሱ፤ የውሃ ፓምፑ ጎማ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ቢያንስ በርሜል ውሃ ውስጥ ይሁን። እንደተነሳ ከኋላ ቀጭን የውሃ ጅረት መውጣት አለበት፤ ከቀረ ወዲያው አጥፉ። ከዚያ ሐይቁ ላይ ሙሉ ሰው ጭናችሁ ለ20 ደቂቃ ንዱት። ወደፊትና ወደኋላ ማርሽ አስገቡ፤ ካንኳኳ የማርሹ ጥርስ አልቋል።

ሞተሩ በሙሉ ጋዝ አምራቹ የጻፈውን ዙር (ለአብዛኞቹ ከ5,000 እስከ 6,000) ካልደረሰ ሁልጊዜ ብልሽት ነው ማለት አይደለም። የፕሮፔለሩን እርምጃ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋውን ርቀት) በአንድ ኢንች መቀነስ ዙሩን በ200 ገደማ ያነሳዋል። ከባሕር ዳርቻ የመጣ ከሆነ የካርቡራቶሩ ማስተካከያም ለከፍታው መቀየር አለበት፤ አለዚያ ቤንዚን ይበዛበትና ያጨሳል።

የሞተሩን የእግር ርዝመትም ለኩ። አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሳንቲ ሜትር ነው። ለኋላው ግድግዳ ከፍታ ካጠረ ፕሮፔለሩ አየር ይቀዝፋል።

5. ወረቀቱና ጉዞው

የሞተሩን መለያ ቁጥር ከዲክላራሲዮኑ (ከጉምሩክ ሰነዱ) ጋር አመሳክሩ። የተፋቀ ቁጥር ካያችሁ ድርድሩን አቁሙ። ስለ ማጥመጃ ፈቃድ የተሁለደሬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትን ጠይቁ።

ከባሕር ዳር ከተማ የምታመጡት ከሆነ በወረታ፣ ደብረ ታቦርና ጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚወርደው መንገድ ረጅም ነው። ሞተሩን ፍቱ፤ ባለ አራት ምቱ አምራቹ ባመለከተው ጎን ካልተኛ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ጀልባውን አይሱዙ ላይ በአሮጌ ጎማ ደግፉት። ከሁሉ በላይ ጣና ላይ እንቦጭ አለ። ከመጫኑ በፊት ውስጡን አፍስሱ፣ ጭቃውን እጠቡ፣ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመውን ሥር ልቀሙ፣ ለብዙ ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ሐይቅን በአንድ ጀልባ ማጥፋት ይቻላል።

6. የመጀመሪያው ቀን

ለእያንዳንዱ ሰው፣ በተለይ ለልጆች፣ በልካቸው የነፍስ አድን ጃኬት ግዙ። የሞተር ማጥፊያው ገመድ ከነጂው እጅ ጋር ይታሰር። ቤንዚኑን ሲሶውን ለመሄጃ፣ ሲሶውን ለመመለሻ፣ ሲሶውን ለመጠባበቂያ አስቡ፤ ሁለት መቅዘፊያም አይቅር።

ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚገኘው ጥልቀት ባነሰበት ዳርቻ ስለሆነ ሞተሩን ቀድማችሁ አጥፍታችሁ በመቅዘፊያ ተጠጉ። መልሕቁን የምታስሩበት ገመድ ከውሃው ጥልቀት ከ3 እስከ 5 እጥፍ ይሁን። መሃል ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ እዚያ መልሕቅ መጣል ትርጉም የለውም። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስትቀርቡ ጋዙን ቀንሱ፤ ገዳሙ ሴቶችን ስለማያስገባ ቤተሰቡ የሚወርድበትን ዳርቻ አስቀድማችሁ ምረጡ።