የወረስነውን መሬት ታሪክ እንዴት እንጻፈው?

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ ወይም በሆለታ ዙሪያ የእርሻ መሬት ያለው ቤተሰብ ታሪኩን ልጻፍ ሲል ከቅድመ አያቱ ይጀምራል። ከ1967 ዓ.ም. መነሣት ይሻላል። የዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ዛሬ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያለው ማሳ አያት ያረሱት ሳይሆን ገበሬ ማኅበር የደለደለው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ገጽ አትቀላቅሉ።

ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ። «አያታችን ባለርስት ነበሩ ወይስ ጭሰኛ?» ማለት ሽማግሌ ያስከፋል። «ምርቱን ሲሶ ነበር እኩል የሚያካፍሉት? ለማን?» ብትሉ መልሱ በራሱ ይወጣል። ዓመት ሲጠፋባቸው ጣልያን ከገባበት 1928 በፊት ነው በኋላ፣ ከ66ቱ አብዮት በፊት ነው በኋላ እያላችሁ አጥብቡ። ሁለት ሰው ለየብቻ አነጋግሩ፤ አብረው ከተቀመጡ ታናሹ የታላቁን ቃል ይደግማል።

ስፋት ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል። ጥማድ ግን አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ በመረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) እና በቀላል አፈር እኩል አይወጣም። ሽማግሌው ያሉትን እንዳለ ጻፉ፣ ሄክታሩን ከደብተሩ ለብቻው።

ድንበሩን አጨዳ ካለቀ በኋላ፣ ጥር ገደማ፣ ከአዋሳኞች ጋር ዙሩት። በአራቱም አቅጣጫ የአዋሳኙን ስም፣ የወሰን ድንጋዩን፣ ጅረቱን መዝግቡ። ጅረት ቦታውን ይለውጣል። ባሕር ዛፍንም የጥንት ምልክት አድርጋችሁ አትመኑ፤ ወደዚህ አገር የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፣ ድንበር ላይ የሚታየው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቅርብ ተከላ ነው። የስልክ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ስለሚስት ለንድፍ እንጂ ለወሰን ክርክር አይሆንም።

ስም ዋናው ጣጣ ነው። የድሮው ደረሰኝ በአማርኛ፣ የኋላው ደብተር በቁቤ (በኦሮምኛ የላቲን ፊደል) ስለሚጻፍ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል፤ የክርስትና ስም ከቤት ስም ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ይብሳል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ መስመር፣ የተገኘበትን ወረቀት አጠገቡ አስፍሩ።

የግብር ደረሰኞችን ፊትና ጀርባቸውን ፎቶ አንሡ። ዋናውን ላሚኔት አታስደርጉ፤ አንዴ ከተጣበቀ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ ያስቸግራል።