ሰርቨር ማስተዳደር ስትጀምሩ ከነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባህር ዳርም ደብረ ማርቆስም ፍኖተ ሰላምም ዌብሳይት ሆስት ማድረግ የሚማር ልጅ እየበዛ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን የሚማሩበት ቪዲዮ ባብዛኛው መብራት የማይጠፋበት፣ ኔት የማይቆራረጥበት ቦታ ላለ ሰው የተሰራ ነው። እኛ ጋ ሰርቨሩ (ዌብሳይቱን የያዘው ኮምፒውተር) ጀርመን ወይ አሜሪካ ቁጭ ብሎ እየሰራ የምንጠፋው እኛ ነን። ስለዚ ከታች ከምላችሁ ስህተቶች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ቀላል የሚባሉ ናቸው፣ እዚህ ሆናችሁ ስትሰሯቸው ነው የሚከብዱት።

በባዶ ኤስኤስኤች ገብቶ ትልቅ ስራ መጀመር

ከሁሉም በላይ የማየው ይሄን ነው። ልጁ በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ በጽሁፍ የምናዝበት መንገድ ነው) ገባ፣ አፕት አፕግሬድ አለ፣ ፕሮግራሞቹን አድስ ማለት ነው፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ሰርቨሩ ምንም አልሆነም እሱ መብራት አለው፣ ግን ግንኙነቱ መቋረጡን ሲያውቅ የተከፈተውን ሼል (ትዕዛዝ የምንጽፍበትን) ይዘጋዋል፣ ሼሉ ሲዘጋ ደግሞ ውስጡ ይሰራ የነበረውን ስራ ይዞት ይሄዳል፣ ፓኬጁ ግማሹ ተጭኖ ግማሹ ሳይጫን ይቀራል። መብራት ሲመጣ ተመልሶ ሲገባ አፕት አልጫንም ይለዋል፣ ልጁም ይደነግጥና ሎክ ፋይሎችን (ሁለት ስራ አንድ ላይ እንዳይነካው የሚቆልፉትን) መሰረዝ ይጀምራል። እባካችሁ አትሰርዙ! ፓኬጅ የሚጭነውን ዲፒኬጂን በኮንፊገር (dpkg --configure -a) አስኪዱትና ያቋረጠውን ይጨርስ፣ አብዛኛውን ግዜ በቃ እሱ ነው።

ግን ከመጀመሪያው ቲመክስ ብትከፍቱ ይሄ ሁሉ አይመጣም። ቲመክስ ስራውን ሰርቨሩ ላይ ይይዘዋል፣ እናንተ ብትቋረጡም እሱ ይቀጥላል። ስትገቡ መጀመሪያ ቲመክስ ብላችሁ ጻፉ፣ ስራውን ጀምሩ፣ መውጣት ስትፈልጉ ኮንትሮልና ቢ ተጭናችሁ ትለቁና ዲን ትነካላችሁ፣ ስትመለሱ ቲመክስ አታች ትላላችሁ፣ ያቆማችሁበት ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ኔቱ በራሱ ቢቋረጥም ያው ነው። ሰርቨር በገባችሁ ቁጥር ማለት ነው፣ "ለትንሽ ነገር ነው" ማለት አያስፈልግም፣ መብራቱ ትንሽና ትልቅ ስራ አይለይም።

ራስን ውጭ አስቀርቶ በሩን መቆለፍ

ብዙ ጀማሪዎች ዩኤፍደብሊው የሚባለውን ፋየርዎል (ማን እንደሚገባ የሚወስን አጥር) የሚያበሩት ፖርት 22ን፣ ማለትም ኤስኤስኤች የሚገባበትን በር፣ ሳይፈቅዱ ነው። የዚህ ስህተት መጥፎነቱ ወዲያው አይታይም። ፋየርዎሉ የተጀመረ ግንኙነትን ብዙ ግዜ አይቆርጥም፣ ስለዚ ካበራችሁትም በኋላ መስኮቱ ይሰራል፣ "እሺ ሰራ" ብላችሁ ሌላ ስራ ትቀጥላላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ኔቱ አንዴ ብልጭ ሲል ተመልሳችሁ መግባት አትችሉም። የፓስወርድ መግቢያን ዘግቶ በቁልፍ (በፓስወርድ ፈንታ የሚያስገባ ሚስጥራዊ ፋይል) ብቻ ማድረግም እንደዛው ነው፣ ቁልፉ መስራቱን ሳያዩ ይዘጉታል።

ስለዚ የኤስኤስኤች ወይ የፋየርዎል ሴቲንግ ስትነኩ የገባችሁበትን መስኮት ሳትዘጉ ሁለተኛ ከፍታችሁ ግቡ፣ ሁለተኛው ከገባ ብቻ የመጀመሪያውን ዝጉ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ፣ ቲመክስ ውስጥ 600 ሰከንድ ጠብቆ ፋየርዎሉን የሚያጠፋ ትዕዛዝ አስቀድሜ አስቀምጣለሁ፣ ሁሉም ከሰራ አቋርጠዋለሁ፣ ካልሰራ ደግሞ ከ10 ደቂቃ በኋላ እራሱ ይከፍትልኛል። ይሄም ካልሆነ ሰርቨሩን የሸጠላችሁ ድርጅት ዌብሳይቱ ላይ ኮንሶል የሚባል አለው፣ በሱ መግባት ይቻላል፣ የት እንዳለ ግን ሳትቆለፉ በፊት ፈልጋችሁ እዩት።

ሩትን በፓስወርድ መተው

አዲስ ሰርቨር ገዝታችሁ ብዙም ሳትቆዩ ቫር ሎግ ውስጥ ያለውን ኦውዝ ሎግ (ማን ለመግባት እንደሞከረ የሚመዘግበውን ፋይል) ክፈቱትና እዩ። ማንም የማያውቀው አይፒ ነው ትላላችሁ፣ ግን ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋና ዩዘር)፣ አድሚን፣ ቴስት፣ ኡቡንቱ እያለ ፓስወርድ የሚሞክር ቦት (በራሱ የሚሰራ ፕሮግራም) መዓት ታያላችሁ። እናንተን የሚጠላ ሰው የለም፣ ቦቶቹ ኢንተርኔቱን በሙሉ እየዞሩ የሚያንኳኩ ናቸው። መፍትሄው የሚታወቅ ነው፣ ሌላ ዩዘር ፍጠሩ፣ ሱዶ (እንደ ሩት የማዘዝ ፈቃድ) ስጡት፣ በቁልፍ ብቻ ይግባ፣ የሩት መግቢያ ይዘጋ። ቁልፉን ግን በቴሌግራም ለራሳችሁ አትላኩ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ላብ ኮምፒውተር ላይም ፈጥራችሁ ጥላችሁት አትሂዱ፣ ነገ እዛ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ አታውቁም። ቁልፉ ላይ ፓስፍሬዝ (የራሱ የቁልፉ ፓስወርድ) አድርጋችሁ ኮፒውን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ላፕቶፕ ይሰረቃል ይወድቃል።

777

ፐርሚሽን ዲናይድ (ፈቃድ የለህም) ሲል ግሩፕ ላይ ለሚጠይቅ ሁሉ የሚሰጠው መልስ የፋይሉን ፈቃድ 777 አድርገው ነው። አታድርጉት። ማንም ይጻፍበት ማንም ያስኪደው ማለት ነው፣ አንድ ፕለጊን (ሳይቱ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ከተሰበረ ሰርጎ ገቡ የፈለገውን ፋይል ይጥላል። ፎልደር 755፣ ፋይል 644 ይሁን፣ ባለቤቱ ይጽፍበታል ሌላው ያነባል ማለት ነው፣ ችግሩ ብዙ ግዜ የቁጥሩ ሳይሆን የባለቤትነቱ ነው፣ ፋይሉ የሩት ሆኖ ዌብ ሰርቨሩ በሌላ ዩዘር እየሰራ ስለሆነ ነው።

ባክአፕ አለኝ ማለት

የት ነው ያለው ስትሉት "እዛው ሰርቨሩ ላይ ባክአፕ የሚል ፎልደር አለ" ይላችኋል። ይሄ እህሉንም ዘሩንም አንድ ጎተራ ከቶ ዘር አለኝ እንደማለት ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለው ኦቪኤች የሚባል ሰርቨር አከራይ ድርጅት ዳታ ሴንተር (ሰርቨሮቹ ያሉበት ቦታ) ተቃጥሎ አንዱ ህንጻ ሙሉ በሙሉ ሲወድም፣ ባክአፓቸው እዛው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። ክላውድ ምናምን ቢባልም ያው አንድ ቦታ ያለ ህንጻ ውስጥ ያለ ብረት ነው።

ሁለተኛው ደግሞ መልሶ አለመሞከር ነው። ጊትላብ የሚባለው የፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጥ ድርጅት ውስጥ በፈረንጆቹ ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነር ተሳስቶ ዋናውን ዳታቤዝ ሲያጠፋው፣ ወደ ባክአፑ ሲሄዱ በየግዜው ይያዛል የተባለው አልተያዘም ነበር፣ ስህተቱን የሚናገረውም ኢሜይል እየተመለሰ ማንም አላየውም፣ የ6 ሰዓት ያህል ዳታ ጠፋ። ያ ሁሉ ባለሙያ ያለበት ድርጅት ነው እንግዲህ። ስለዚ በወር አንዴ ባክአፓችሁን ቨርቹዋልቦክስ (ላፕቶፓችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ፈታችሁ ሳይቱ ይነሳ አይነሳ እዩ።

ባክአፕ ሲባል ወደ ላፕቶፓችሁ ማውረድ ብቻ አይምሰላችሁ። 5 ጊጋ በሞባይል ዳታ ከጀርመን ወደ ዳንግላ ማውረድ ለካርዳችሁም ለጤናችሁም አይሆንም። ከሰርቨር ወደ ሌላ ድርጅት ሰርቨር በአርሲንክ (ፋይል የሚያስተላልፍ ትዕዛዝ) ቀጥታ ላኩት፣ የናንተን ዳታ አይነካም፣ መብራትም አይጠይቃችሁም።

ሰዓቱን አለማስላት

ይሄኛውን የፈረንጅ ቪዲዮ አይነግራችሁም። ሰርቨሩ ብዙ ግዜ በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው የሚሰራው፣ እኛ ከሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በዛ ላይ አቆጣጠራችን በ6 ሰዓት ይለያል። ልጁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰው ሲተኛ ባክአፕ ይያዝ ብሎ ክሮን (ስራን በሰዓቱ የሚያስጀምር) ላይ 8 ይጽፋል፣ እሱ ግን በኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፣ ጣና ዳር ያለው ሆቴል ደንበኞቹ ክፍል እየያዙ ሳለ ዳታቤዙ ይንቀራፈፋል፣ የሆቴሉ ሰውዬ ይደውላል። ቀላል መላ አለው፣ በኛ ሰዓት የቀን ከሆነ 3 ደምሩ፣ የማታና የሌሊት ከሆነ 15 ደምሩ፣ 24 ከሞላ ወይ ካለፈ 24 ቀንሱለት፣ 12 ሰዓትን ግን የጠዋቱን የቀን 0፣ የማታውን የማታ 0 ብላችሁ ቁጠሩት። ሌሊት 8 ሲደመር 15፣ 23 ይሆናል፣ ክሮኑ ላይ 23 ጻፉ።

በእጅ የሚታደስ ነገር መተው

ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነጻ የሚሰጠው የሳይት ሰርተፍኬት (ከሳይቱ ጋ ያለው ግንኙነት የተመሰጠረ እንዲሆን የሚያደርገው) 90 ቀን ነው የሚቆየው። ሰርትቦት የሚባል ፕሮግራም በራሱ ያድሰዋል፣ ግን ማደሱን በድራይ ራን (የእውነት ሳያድስ የሚሞክር) ሞክራችሁ እዩ፣ ፋየርዎላችሁ ፖርት 80ን (የዌብሳይቱን በር) ዘግቶ ከሆነ እና ሳይቱ የናንተ መሆኑን በሱ በኩል የሚያረጋግጠው ከሆነ አይታደስም። ድሮ ሌትስ ኢንክሪፕቶች ሊያልቅ ነው የሚል ኢሜይል ይልኩ ነበር፣ ከ2025 ሰኔ ጀምሮ በፈረንጅ ማለቴ ነው አቁመዋል፣ አስታዋሽ የለም። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሰው ሳይቱን ገብቶ ማደስ ቀርቶ መክፈትም አልቻለም፣ ስለዚ ሰርተፍኬቱም ዶሜይኑም እናንተ ባትኖሩ የሚታደስ ይሁን። ሰርትቦት እምቢ ሲላችሁም ደጋግማችሁ አትሞክሩ፣ በሰዓት 5 ግዜ ከከሸፈ ይዘጋችኋል፣ በስቴጂንግ (የመሞከሪያው በኩል) ሞክሩ።

ዲስክ መሙላቱን አለማየት ደግሞ አለ፣ ሎግ (ሰርቨሩ የሚጽፈው መዝገብ) ይሞላዋል፣ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ይቆማል፣ ዲኤፍ የሚል ትዕዛዝ ጽፋችሁ የቀረውን ቦታ በየሳምንቱ ማየት ነው። 1 ጊጋ ራም ባለው ሰርቨር ላይ ደግሞ ስዋፕ (ራም ሲያልቅ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምሩ፣ ካልሆነ ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ራሱ ዳታቤዙን ይገድለዋል፣ እናንተ ሀክ ተደረግኩ ትላላችሁ።

የድሮ ቪዲዮ መከተልና የተሰበረ ቴም መጫን

በሴንትኦኤስ 7 (የሰርቨር ሲስተም ነው) የሚያስተምር ቪዲዮ አሁንም ብዙ እይታ አለው፣ ሴንትኦኤስ 7 ግን በፈረንጆቹ ሰኔ 30 ቀን 2024 ድጋፉ አብቅቷል፣ የሴኩሪቲ አፕዴት የለውም። የኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ግዜ ድጋፍ ያለው) ወይ ዴቢያን ያዙ። ነል የተደረገ (ፈቃዱ ተሰብሮ የሚታደል) ቴም፣ ማለትም የሳይት መልክ፣ ወይ ፕለጊን ደግሞ በነጻ አገኘሁ ብላችሁ አትጫኑ፣ ነጻ የሰጣችሁ ሰው ውስጡ ምን እንዳስቀመጠ አታውቁም።

በደንበኛ ሰርቨር ላይ መለማመድ

ይሄ ያናድደኛል። ሁለት ቪዲዮ አይቶ የሰው ሱቅ ሳይት ይረከባል። መለማመጃ እኮ ገንዘብ አይፈልግም፣ ዶላር ካርድም አይፈልግም። ዴቢያን ኢንተርኔት ሳይኖር ከዲቪዲ ምስሉ ላይ ይጫናል፣ ካምፓስ ዋይፋይ ላይ አንዴ አውርዱትና ቨርቹዋልቦክስ ላይ ሁለት ማሽን አድርጉ፣ አንዱ ሰርቨር አንዱ ደንበኛ። ኔት በሌለበት ቀንም ይሰራል። አውቃችሁ አጥፉት፣ ፋየርዎሉን ቆልፉት፣ በሆነ ፋይል ዲስኩን ሙሉት፣ ከዛ አስነሱት። ማሽኑን ከማበላሸታችሁ በፊት ስናፕሾት (ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ የሚያስቀር ቅጂ) ያዙ፣ ሲበላሽ በአንድ ክሊክ ይመለሳል።

ኢሜይል ሰርቨር

ጀማሪ ሆናችሁ አትክፈቱት። ብዙ ድርጅት ለአዲስ ደንበኛ ፖርት 25ን (ኢሜይል የሚላክበትን በር) ይዘጋል፣ ቢከፈትም ላኪው እውነተኛ መሆኑን ከሚያሳዩት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ሪቨርስ ዲኤንኤስ አንዱ ከጎደለ መልእክታችሁ ስፓም ውስጥ ነው የሚገባው፣ ደንበኛው ደግሞ "ላክሁ አልደረሰም" እያለ ማታ ማታ የሚደውለው ለናንተ ነው። የኢሜይል አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት ፈልጉለትና ዲኤንኤሱ (የዶሜይኑ አድራሻ መዝገብ) ላይ ኤምኤክስ ሪከርዱን፣ ኢሜይሉ የት እንደሚሄድ የሚናገረውን፣ ወደዛ ጠቁሙ። ሪከርዱን ከመቀየራችሁ በፊት ቲቲኤሉን (ሌሎች አሮጌውን ሪከርድ ስንት ሰከንድ ይዘው እንደሚቆዩ የሚናገረውን) እዩት፣ 86400 ከሆነ 24 ሰዓት ማለት ነው፣ አንድ ቀን ቀድማችሁ ወደ 300 አውርዱት፣ ከዛ ቀይሩ፣ ሁሉም ከሰራ በኋላ መልሱት።