የውሻ ዓይን ብሌን ሲቆስል፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ውሻው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚውል፣ እንባው የሚወርድ፣ ብርሃን የሚሸሽ፣ ፊቱን ምንጣፍ ላይ የሚያሽ ከሆነ፣ በምርመራ ሌላ ነገር እስኪገኝ ድረስ ብሌኑ (ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይኑ ጥርት ያለ የፊት ሽፋን) ቆስሏል ብሎ መነሳት ነው። መጀመሪያ እንባውን በመለኪያ ወረቀት ለኩ፤ ጠብታ ከገባ በኋላ ልኬቱ አይታመንም። ወረቀቱ በደቂቃ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከራሰ ደህና ነው፤ ከ10 በታች የዓይን ድርቀት ያስጠረጥራል። ቀጥሎ የፍሎረሲን (ቁስል የሚያሳይ ቀለም) ወረቀቱን በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) አርጥቦ የዓይኑን ነጭ ማስነካት፣ አጥቦ በሰማያዊ ብርሃን ማየት። የቆሰለው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።

አረንጓዴ ቀለበት፣ መሃሉ ጥቁር። መሃሉ ድኗል ማለት አይደለም። ቁስሉ የመጨረሻዋ ስስ ሽፋን ላይ ደርሷል፤ እሷ ደግሞ ቀለም አትይዝም። በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ይሂድ። ዓይኑን አትጫኑ፤ በአንገት ማሰሪያም አትጎትቱት።

ላይ ላዩን የተላጠ። አንቲባዮቲክ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ አንገቱ ላይ ዓይኑን እንዳያክ የሚከለክል ኮን። ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይድናል።

ከሳምንት በላይ የቆየ። መድኃኒት መቀያየር ትርፉ ጊዜ ማባከን ነው፤ መንስኤው እዚያው አለ። በማደንዘዣ ጠብታ አደንዝዞ የዓይን ቆቡን መገልበጥና ከሦስተኛው ቆብ (በዓይኑ ውስጠኛ ጥግ ካለው) ጀርባ የተሰነቀረ የሣር ፍሬ መፈለግ፤ በወጣት ውሻ የላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ መሃል ላይ የበቀለች አንዲት ፀጉር ትኖር ይሆናል። በሻር ፔይ ዝርያ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ቦክሰርና ዕድሜው የገፋ ማንኛውም ውሻ ሲሆን ደግሞ የቁስሉን ጠርዝ እዩ፤ የብሌኑ የላይኛው ስስ ሽፋን ካልተጣበቀ ቀለሙ ከሥሩ ይሰርጋል። መፍትሄው ያንን ልቅ ሽፋን በደረቅ ንጹሕ ጥጥ ማንሳት ነው፤ ብዙ ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ብሌኑን በመርፌ መጫር የሚቻለው ግን ኢንፌክሽን በሌለበት ብቻ ነው።

በሁለት በሦስት ቀን ግራጫ የሆነና የሚቀልጥ። ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው፤ ታሪኩም ሁሌ አንድ ነው። የሺህ ዙ ዓይን ይቀላል፤ ባለቤቱ ቤት ውስጥ የተረፈ ወይም ከፋርማሲ ያለ ምርመራ የተገዛ የሰው ጠብታ ያደርጋል። ጠብታው ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ (ቅላትና እብጠት የሚያጠፋ መድኃኒት) አለበት። በማግስቱ ቅላቱ ይጠፋል፤ «ተሻለው» ተብሎ ይቀጠላል። ቅላቱን ያጠፋው ያው መድኃኒት ቁስሉ እንዳይገጥም ይከለክላል፣ መከላከያውን ያዳክማል፣ ብሌኑን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን ያበረታል። ከዚያ ብሌኑ እንደ ወተት ይደፈርሳል፣ አረንጓዴ ቢጫ አይናር ይበዛል፣ የቁስሉ ጠርዝ እንደ ጄሊ ይንጠለጠላል። ብሌን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ የገባበት በ24 ሰዓት ውስጥ ሊበሳ ይችላል። ቀለም ሳይታይ ስቴሮይድ ዓይን ውስጥ አይገባም! ብልቃጡን አንብቡ፦ ዴክሳሜታሶን፣ ቤታሜታሶን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ሃይድሮኮርቲዞን። አንቲባዮቲክ አብሮት መኖሩ ጉዳቱን አያስቀርም።

አያያዙ፦ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ለላቦራቶሪ ናሙና ይወሰድ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ኦፍሎክሳሲን 0.3% በየ1 እስከ 2 ሰዓቱ፣ ሌሊቱን ጨምሮ። በዚያው ልክ ሴረም (ከረጋ ደም የሚወጣ ፈሳሽ) ዓይኑ ውስጥ ይጨመር፦ ከራሱ ወይም ከጤነኛ ውሻ ደም በባዶ ቱቦ ቀድቶ፣ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይቶ፣ በሴንትሪፊውጅ አዙሮ የላዩን ፈሳሽ በንጽሕና መቅዳት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደፋ። በሁለት ጠብታ መካከል 5 ደቂቃ ይኑር። ለሕመሙ አትሮፒን 1% ይረዳል፤ ግን እንባ ስለሚቀንስ ደረቅ ዓይን ላይ አይመከርም። ሊበሳ የደረሰ ዓይን ላይ ቅባት አይደረግም። የማደንዘዣ ጠብታ ለምርመራ እንጂ ወደ ቤት የሚሰጥ አይደለም፤ ብሌኑን ይመርዛል። ቁስሉ ከብሌኑ ውፍረት ግማሽ ካለፈ ጠብታ ብቻውን አይበቃም።

የትኛው ዝርያ? እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው የእንግሊዝ የቬትኮምፓስ (የእንስሳት ክሊኒኮችን መዝገብ የሚያጠና ፕሮጀክት) ጥናት በጠቅላላው ውሾች 0.80% ላይ ቁስለት ሲገኝ፣ በፐግ 5.42%፣ በቦክሰር 4.98%፣ በሺህ ዙ 3.45% ነበር። ፊተ ድፍጥጦቹ ዓይናቸው የፈጠጠ ነው፤ ሲተኙ ቆባቸው በደንብ አይገጥምም፣ የብሌናቸው ስሜትም ደካማ በመሆኑ ቁስሉ ሳያስጮኻቸው ይጠልቃል። ስለዚህ ፐግ ዓይኑን ከጨፈነ ነገ አይባልም። የአፍንጫ እጥፋቱ ፀጉር ብሌኑን እንዳይነካ ይቆረጥ፤ ሲታጠብም ሻምፖ ዓይኑ ውስጥ አይግባ።