ከተማችሁ የዘላቂነት ምስክር ወረቀት እንድታገኝ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ለሜሪላንድ ነዋሪዎች

ይህን የምጽፈው ሜሪላንድ ውስጥ፣ በተለይም አፓርትመንት ተከራይታችሁ ለምትኖሩ ነው። በምኖርበት ትንሽ ከተማ የግሪን ቲሙ ጸሐፊ ነኝ፤ ግሪን ቲም የከተማውን የዘላቂነት ሥራ፣ ማለትም አካባቢን ሳይጎዱ ለነገም የሚበቃ ኑሮ የመገንባቱን ሥራ፣ የሚያቅድ የነዋሪዎች ኮሚቴ ነው። አገር ቤት ሳለሁ መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው፤ እዚህም የወረቀቱን ሥራ ሰጡኝ፤ ደስ ብሎኝ እሠራዋለሁ። ስብሰባ በገባሁ ቁጥር ግን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የከተማውን ዕቅድ የሚያወጡት ስብሰባ የመጡት ሰዎች ናቸው። የሚመጡት ደግሞ አብዛኞቹ የራሳቸው ቤትና ግቢ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ስለ ሣርና ስለ ጣሪያ ሶላር ብዙ ይወራል። ስለ አምስተኛ ፎቅ ተከራይ ግን ማንም አያነሳም። የእኛ ሰው የሚኖረው ደግሞ እዚያው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። «ሰስቴይነብል ሜሪላንድ» ለከተሞች የሚሰጥ የዘላቂነት ምስክር ወረቀት ነው። የተጀመረው በ2011 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሚመራው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የአካባቢ ፋይናንስ ማዕከል ነው። መሳተፍ በፈቃደኝነት ነው፤ ክፍያም የለውም። ከተማው ለሠራው ለእያንዳንዱ ሥራ ነጥብ ይያዝለታል። ቢያንስ 150 ነጥብ ካመጣና ግዴታ የሆኑትን ካሟላ ይመሰከርለታል። ምስክሩ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው።

ነጥብ የሚያስገኙት ሥራዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው። የጋራ አትክልት ቦታ፣ የገበሬዎች ገበያ፣ የዝናብ ውሃ አያያዝ፣ የከተማው ሕንፃዎች የኃይል ፍጆታ ምርመራ፣ የአካባቢውን ሱቆች መደገፍ፣ የውሻ ዓይነ ምድር ማንሻ ከረጢት ሳይቀር አለበት። ከተማችሁ ከእነዚህ ጥቂቱን ቀድሞ ሠርቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሥራውን ተከታትሎ በማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ነው።

መጀመሪያ፣ የምትኖሩት ከተማ ውስጥ ነው?

ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ በሀበሻ የተሞላ ነው። በሕግ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አይደለም። ከንቲባ የለውም፣ የከተማ ምክር ቤት የለውም፤ የሚያስተዳድረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ዊተንና ቤተዝዳም እንደዚያው ናቸው። በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያለው ላንግሊ ፓርክም እንዲሁ። በአንጻሩ ታኮማ ፓርክ፣ ሃያትስቪል፣ ማውንት ሬኒየር፣ ግሪንቤልት፣ ሮክቪልና ጌተርስበርግ የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። በግዛቱ እንዲህ ያሉ ትልልቅና ትንንሽ ከተሞች ከ150 በላይ ናቸው። ምስክሩ የሚሰጠው ለእነሱ ነው።

በፖስታው ላይ ያለውን ስም አትመኑ። የፖስታ አድራሻና የከተማ ወሰን አንድ አይደሉም። ቤት ያላችሁ የንብረት ግብር ወረቀታችሁ ላይ የከተማ ግብር መኖር አለመኖሩን እዩ። ተከራዮች ደግሞ ወደ ከተማው ቢሮ ደውላችሁ የቤት ቁጥራችሁን ተናገሩ፤ ወዲያው ይነግሯችኋል። ከወሰን ውጭ ከሆናችሁ በምስክሩ ጉዳይ ውስጥ አትገቡም፤ ከታች ስለ ዝናብ ውሃና ስለ መብራት የምለው ግን እናንተንም ይመለከታል።

ግሪን ቲም መግባት

አካሄዱ እንዲህ ነው። የከተማው ምክር ቤት በፕሮግራሙ ለመሳተፍ ውሳኔ ያሳልፋል። ከዚያ ግሪን ቲም ይቋቋማል። ግሪን ቲሙ የሥራ ዕቅድ ያወጣል። ያለ ግሪን ቲምና ያለ ዕቅድ ምስክር የለም፤ ሁለቱም ግዴታ ናቸው።

ወደ ከተማው ቢሮ ደውላችሁ ወይም ኢሜይል ጽፋችሁ «ግሪን ቲም አለን ወይ? አባል መሆን እፈልጋለሁ» በሉ። ሌላ ነገር አያስፈልግም። ለእንዲህ ዓይነት ኮሚቴ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ነዋሪነት ብቻ ነው። የአካባቢ ሳይንስ መማር አይጠበቅባችሁም። ግሪን ቲም ከሌለ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ሂዱ። ለሕዝብ አስተያየት የተመደበ ሰዓት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃ አንሶ አያውቅም። ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን መንገድና የምትፈልጉትን አንድ ነገር ተናገሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ከስብሰባው በፊት አስተርጓሚ ጠይቁ። ታኮማ ፓርክ ለምሳሌ የከተማውን መረጃ በአማርኛም ያወጣል።

እዚህ ላይ ስለ ምርጫ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በከተማው ምርጫ እንዲመርጡ ይፈቅዳል። ሃያትስቪልም በ2016 ፈቅዷል። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ከንቲባችሁን ትመርጣላችሁ ማለት ነው። ነገር ግን በጣም ተጠንቀቁ፤ ይህ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። መዝገቡም ለብቻው ከተማው ዘንድ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ቢመርጥ ወንጀል ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ሊበላሽበት ይችላል። የተለያዩ መሆናቸውን ለወላጆቻችሁ አስረዱ።

የእኛ ሰው ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም። እድር የመራ ሰው ግሪን ቲም አይከብደውም፤ ሰብሳቢ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ስም ጥሪ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ። ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ። ሁለት ጎረቤት ይዛችሁ ግቡ።

ዕቅዱ ውስጥ ምን እናስገባ?

ቀላል ነጥብ ብቻ እየለቀሙ 150 መሙላት ይቻላል። እኔ አልወደውም። ምስክሩ መጥቶ የአፓርትመንቱ ሰው ኑሮ ምንም ካልተለወጠ ምኑን ዘላቂ ሆነ? ስለዚህ እኛ ብንገፋባቸው የምላቸውን ልናገር።

አንደኛው ቆሻሻ ነው። ብዙ ከተሞች ቆሻሻና ሪሳይክል የሚሰበስቡት ከግል ቤቶች ነው። የአፓርትመንት ቆሻሻ አብዛኛውን ጊዜ አከራዩ በቀጠረው ድርጅት ነው የሚነሳው። ከተማው «ለብስባሽ የሚሆን የምግብ ትርፍ እንሰበስባለን» ሲል አፓርትመንቱ ውስጥ ላለው ሰው ላይደርሰው ይችላል። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ «አፓርትመንቶች የምግብ ትርፍ የሚጥሉበት የጋራ ቦታ ይዘጋጅ» ተብሎ በግልጽ እንዲጻፍ ጠይቁ። የእኛ ቤት የሚያወጣውን አስቡት። የቡና አተላ በየቀኑ፣ የሽንኩርት ልጣጭ በየወጡ። እንጀራውማ ድርቆሽ ይሆናል፤ አይጣልም። አተላና ልጣጩ ግን ጥሩ አፈር የሚሆን ነገር ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው። በሜሪላንድ በ2008 የወጣ ኢምፓወር የሚባል ሕግ አለ። በሕጉ መሠረት የመብራት ድርጅቶቹ ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራም ያካሂዳሉ፤ ወጪው በየወሩ ቢላችን ላይ እየተጨመረ ነው የሚሸፈነው። ለምሳሌ ፔፕኮ ቤት ድረስ መጥቶ የኃይል አጠቃቀም የሚያይ ባለሙያ በነፃ ይልካል። ተከራይም መጠየቅ ይችላል። ገንዘቡን በየወሩ እየከፈላችሁ ነው፤ ታዲያ ለምን አትጠቀሙበትም? ግሪን ቲሙ አንድ ሕንፃ መርጦ ከማኔጅመንቱ ጋር ተነጋግሮ ሁሉም ተከራይ እንዲመዘገብ ቢያደርግ ለነጥቡም ለኪሳችሁም ጥሩ ነው።

ሦስተኛው የዝናብ ውሃ ነው፤ ይህ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያላችሁን ይመለከታል። 1,000 ስኩዌር ፊት ጣሪያ ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ቢዘንብ 620 ጋሎን ያህል ውሃ ይወርዳል። የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያና የመኪና ማቆሚያ ስፋት አስቡት። ያ ሁሉ ውሃ የአስፋልቱን ዘይትና ቆሻሻ አጥቦ ስላይጎ ክሪክ ወደሚባለው ጅረት ይገባል። ከዚያ ወደ አናኮስቲያ፣ ወደ ፖቶማክ፣ መጨረሻ ላይ ቼሳፒክ ቤይ ይደርሳል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የንብረት ግብር ወረቀት ላይ ለዚሁ የሚከፈል ክፍያ አለ። የሚሰላው ውሃ በማያሰርገው ቦታ ስፋት ነው። ሮክቪል፣ ጌተርስበርግና ታኮማ ፓርክ ደግሞ የየራሳቸው ክፍያ አላቸው። ካውንቲው ውሃውን ግቢው ውስጥ አስቀርቶ ለሚያሰርግ ሰው ቅናሽ አለው፤ ሬይንስኬፕስ በሚባለው ፕሮግራምም ለሥራው ካወጣችሁት ወጪ ይመልሳል። የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

የማስረጃው ፋይል

ከተሞች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሥራው ተሠርቶ ወረቀት ይጠፋል። ማመልከቻው በኦንላይን ነው የሚገባው። ገምጋሚው ከተማችሁን አያውቅም፤ የሚያየው የላካችሁትን ብቻ ነው።

የጋራ አትክልት ቦታን ልውሰድ። «ደስ የሚል አትክልት ቦታ አለን» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። እኔ ለእንዲህ ያለ ሥራ ፋይል ስከፍት የምሰበስበው ይህን ነው፦ ከተማው ቦታውን የፈቀደበት ደብዳቤ ወይም ቃለ ጉባኤ፣ የመደቦቹ ብዛትና ስፋት፣ መደብ የሚታደልበት ደንብ፣ ውሃ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚከፍል፣ ቀኑ የተጻፈበት ፎቶ። ፎቶው በበረዶው ወቅት ባዶ መሬት ሲሆን አይረባም። በሐምሌ ወይም በነሐሴ አንሱት፤ እናቶቻችን የተከሉት ጎመን ጉልበት ደርሶ፣ በሶብላው አብቦ፣ ቃሪያው ቀልቶ ሲታይ። ሰው ያለበት ፎቶ ይሻላል፤ ግን ፈቃድ ጠይቁ። በተለይ ሕፃናት ካሉ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ከዚያ አጭር ማብራሪያ ጻፉ። ማን ጀመረው? ማን ያስተዳድረዋል? ማን ይጠቀማል? ምን ችግር ገጠመ፣ እንዴት ተፈታ? ችግሩን አትደብቁ። አንብቦ ለሚገመግም ሰው እውነቱ ይታወቀዋል፤ ሌላ ከተማም ከእናንተ ይማርበታል። የፋይሎቹን ስም በሥራው ስምና በቀን ጻፉ። «ፎቶ አንድ፣ ፎቶ ሁለት» የሚል ፋይል ከወራት በኋላ ማንም አይገባውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የስብሰባ ስም መፈረሚያ ወረቀት ሁልጊዜ ይኑራችሁ። የአፓርትመንት ስብሰባ ላይ አርባ ሰው መጥቶ ወረቀት ካልዞረ፣ አርባው ሰው እንዳልመጣ ይቆጠራል።

ማመልከቻውን መጨረሻው ቀን ላይ አትላኩ። ገምጋሚዎቹ «ይህን ጨምሩ፣ ይህን አብራሩ» ብለው ሊመልሱት ይችላሉ፤ ያንን ለማሟላት ጊዜ ያስፈልጋችኋል። ነጥባችሁንም ልክ 150 ላይ አታቁሙ። አንድ ሥራ ውድቅ ቢደረግ የሚተካው ይኑር።

ሌላ ግዛት ላላችሁ፣ ኒው ጀርሲ በ2009 የተጀመረ ሰስቴይነብል ጀርሲ የሚባል አለው። እዚያ ነሐስ 150 ነጥብ፣ ብር 350 ነጥብ ነው፤ ግሪን ቲምም ግዴታ ነው። ዲሲና አርሊንግተን ደግሞ በሊድ ነው የተመዘኑት፤ ለሕንፃ ምስክር ከሚሰጠው ድርጅት የመጣ የከተሞች መለኪያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2017 በዓለም የመጀመሪያዋ ባለ ፕላቲነም ከተማ ተባለች፤ አርሊንግተንም በዚያው ዓመት ለማኅበረሰቦች የሚሰጠውን ፕላቲነም አገኘች። ሊድ በአብዛኛው በመረጃ ቋት የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኞች ሥራ ነው። ነዋሪ እንደ ልቡ የሚገባበት እንደ ሜሪላንድና እንደ ኒው ጀርሲ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ምስክሩ ከመጣ በኋላ ፋይሉን አትዝጉ። ለሚቀጥለው ዙር የሚሆነውን ማስረጃ ከማግስቱ ጀምራችሁ ሰብስቡ። ማስቀመጫው የከተማው የጋራ ቋት ይሁን፤ የአንድ ሰው ላፕቶፕ አይሁን። የከተማው ሠራተኛ ሥራ ይቀይራል፣ ጸሐፊዋም ቤት ትቀይራለች። ቢያንስ ሁለት ሰው የይለፍ ቃሉን ይወቅ። ከሁለቱ አንዱ አፓርትመንት የሚኖር ይሁን።