በቆዳ ላይ የዳር ጌጥ ሲታተም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከእንጦጦ ማዶ፣ በሱሉልታ አቅጣጫ በምንሠራባት አነስተኛ የቆዳ ወርክሾፕ ውስጥ የዳር ጌጥ መዛባትን ያህል የሚያሳዝነኝ ጉድለት የለም፤ ቆዳ ላይ አንዴ ያረፈ ማኅተም አይፋቅምና።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ማኅተሙን፣ ማለትም ጌጥ የተቀረጸበትን ብረት፣ በረጠበው ቆዳ ላይ በመዶሻ በዓይን ግምት እየመቱ መሄድ ነው። በእያንዳንዱ ምት 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ከ40 ምት በኋላ ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም የአንድ ማኅተም ሙሉ ስፋት ሊሆን ይችላል። ብዙ የደከምኩበት አንድ የመጽሐፍ ማኅደር በዚህ ምክንያት ጥጉ ላይ ግማሽ አበባ ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ መዶሻ ከመነሣቱ በፊት መስመሩ ሊካፈል ይገባል። መስመሩ 260፣ ማኅተሙ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 32 ምት 256 ሚሊ ሜትር ሸፍኖ 4 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ትርፉን መጨረሻ ላይ ከማከማቸት ይልቅ ለ32ቱ ቢያከፋፍሉት የእያንዳንዱ ድርሻ 0.125 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ዓይን አይለየውም። ለዚህም የመስመሩን ርዝመት በወረቀት ላይ አስምሮ፣ 32ኛው እርምጃ ልክ ጫፉ ላይ እስኪያርፍ ድረስ የኮምፓሱን እግር ማስተካከል፣ ከዚያም በቆዳው ላይ ማኅተሙ በሚሸፍነው ቦታ ብቻ በስሱ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

የማኅተሙን ስፋት ከብረቱ ላይ መለካትም ያሳስታል፤ እርጥብ ቆዳ ሲመታ ወደ ጎን ይገፋልና። ከዚያው ቆዳ በተቆረጠ ብጣሽ ላይ፣ በዚያው እርጥበት፣ 10 ጊዜ አከታትሎ መትቶ ጠቅላላውን ርዝመት ለ10 ማካፈል ትክክለኛውን ልክ ይሰጣል።

እርጥበቱን አለመጠበቅ ሌላው ስህተት ነው። በእኛ አካባቢ የበጋው ደረቅ ነፋስ ቆዳውን ቶሎ ስለሚያደርቀው፣ መጀመሪያ ላይ ጠልቆ የታየው አበባ መጨረሻ ላይ ይሳሳል፤ ርቀቱ እኩል ሆኖ ሳለም የተዛባ ይመስላል። የቆዳው ገጽ ወደ ቀድሞ ቀለሙ መመለስ ሲጀምር፣ በእጅ ጀርባ ሲነካ ግን ገና ሲቀዘቅዝ፣ ለመምታት ደርሷል ማለት ነው። ክሮም በተባለ ማዕድን ጨው የተለፋ ቆዳ ግን ማኅተም አጥርቶ ስለማይዝ በዕፀዋት የተለፋውን መምረጥ ይገባል።

ጥጎችን ለመጨረሻ ማቆየትም አይገባም፤ አስቀድመው ከታተሙ የቀረው በመካከላቸው ይከፋፈላል። የመነሻ መስመር ሳያሰምሩ መጀመርም እንዲሁ ነው፤ በድጉስ፣ ማለትም ጌጥ በታተመበት ቆዳ በተለበጡ የብራና መጻሕፍት ሽፋን ላይ እንኳ ጌጡ በመስመሮች ታጥሮ ይታያል። በመጨረሻም ብረቱ ሳይታወቅ ወደ መቺው ሊያዘነብል ስለሚችል፣ ከየአምስት ምቱ በኋላ ቆዳውን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብሎ የጥላውን እኩልነት ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱ ጎን ጠቁሮ ከታየ የሚስተካከለው የእጅ አያያዝ እንጂ ርቀቱ አይደለም።