የኮራል አኳሪየም ፒኤች አልረጋ ሲል

ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ሲወርድ እጅ ቶሎ ወደ «ፒኤች ማሳደጊያ» ዱቄት ይሄዳል። መጀመሪያ መለካት ያለበት ግን አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ ነው።

ችግር፦ ፒኤች 7.8፣ አልካሊኒቲ ግን ደህና (8 ወይም 9 ዲኬኤች፣ ማለትም በአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ)

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የክፍሉ አየር ነው። በርና መስኮት በተዘጋበት ቤት ከትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፤ ውሃው ውስጥ ሲሟሟም አሲድ ይፈጥራል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ዋቅላሚዎች ጋዙን መጠቀም ስለሚያቆሙ ፒኤች ንጋት ላይ ይወርዳል፣ ወደ ማታ ይወጣል። ይህ ጤነኛ ነው፤ የጠዋትን ቁጥር ከማታው ጋር አያወዳድሩ።

ለማረጋገጥ በብርጭቆ ውሃ ቀድተው ፒኤቹን ይለኩ፤ ከዚያ ደጅ አውጥተው ለአንድ ሰዓት በአየር ፓምፕ ይንፉበትና ደግመው ይለኩ። ከፍ ካለ ጥፋተኛው የቤቱ አየር ነው። መስኮት ይክፈቱ፤ የስኪመሩን (በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣውን መሣሪያ) አየር መሳቢያ ቱቦ ወደ ውጭ ያውጡ። ካልበቃ የኖራ ውሃ (ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ) ጋዙን ይመጥጣል፤ ነገር ግን የራሱ ፒኤች ከ12 በላይ ስለሆነ በጠብታ ብቻ ይግባ።

«ፒኤች ማሳደጊያ» ተብለው የሚሸጡት ዱቄቶች እዚህ ላይ የሚጠቅሙት ሻጩን ነው። ፒኤቹ ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ አልካሊኒቲው ግን በየጭማሪው እየተቆለለ ይሄዳል፣ የኮራሎቹም ጫፍ መንጣት ይጀምራል።

ችግር፦ አልካሊኒቲ በየቀኑ ይቀንሳል

ኮራሎች አጽማቸውን እየገነቡ ነው፤ ደስ ሊልዎት ይገባል። 2.8 ዲኬኤች ሲጠቀሙ በሊትር 20 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አብረው ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ይተኩ። ለጥቂት ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት ለክተው የዕለቱን ቅናሽ ይወቁ። በ100 ሊትር 3 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት አልካሊኒቲውን 1 ዲኬኤች ያህል ያሳድጋል። ፒኤችም ዝቅ ያለ ከሆነ በምትኩ 2 ግራም ያህል ሶዲየም ካርቦኔት ይሻላል። በንጹህ ውሃ አሟሙተው ፍሰቱ በበረታበት ቦታ ቀስ ብለው ያፍስሱ፤ በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አያሳድጉ።

ችግር፦ ማሞቂያውና ፓምፑ ላይ ነጭ ቅርፊት፣ የሚጨመረው ሁሉ የማይቆይ

አልካሊኒቲው በዝቷል ወይም ማግኒዚየም አንሷል። ማግኒዚየም በሊትር ከ1250 እስከ 1350 ሚሊግራም እስኪደርስ ድረስ ሌላውን ማሳደግ ድካም ብቻ ነው። ቅርፊቱን በኮምጣጤ ነክረው ያስለቅቁ።

ችግር፦ ቁጥሮቹ እርስ በርስ አይስማሙም

ጨዋማነቱን (በሺህ 35) እና የመመርመሪያ ኬሚካሉን የአገልግሎት ጊዜ ይዩ፤ የፒኤች መለኪያውንም በ7 እና በ10 ማስተካከያ ፈሳሽ ያስተካክሉ።