ከበልግ በፊት፦ በተዳፋት ማሳ ላይ ውሃ የሚይዝ እርከን አሠራር

ሐዋሳ እየኖርን ወደ ወንዶ ገነት ተራሮች ወይም ወደ ማልጋ በኩል የቤተሰብ መሬት ያለን ብዙ ነን። ለበዓል ስንወጣ የምንሰማው ነገር አንድ ሆኗል። በልጉ ይዘገያል፣ ሲመጣ ደግሞ ባንዴ ዱብ ይልና አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፣ ምንጩም እንደ ድሮው አይቆይም። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ዝናቡ ሲወርድ በኃይል የሚወርደው አንድም ለዚህ ነው። የወረደውን ውሃ ግን ማሳው ላይ ማስቀረት እንችላለን።

ሥራውን በጥር ጨርሱት። የካቲት ከገባ ዝናቡ ሊቀድማችሁ ይችላል።

ቦዩ የሚቆፈርበት መስመር ከዳር እስከ ዳር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት፣ በዓይን ግምት አታውጡት። እኛ በአክስቴ ማሳ ላይ መጀመሪያ እንደዚያ አድርገን ነበር። ቦዩ መሃሉ ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ኖሮ ውሃው ሁሉ እዚያ ተጠራቀመና በጥሶ የታችኛውን ቦቆሎ ይዞት ሄደ። በጣም ያሳዝናል፣ የስንት ቀን ጉልበት ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። 2 ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ጫፋቸውን አንድ ላይ እሰሩ፣ እግራቸውን ክፈቱ፣ ወገባቸው ላይ አግዳሚ ምቱ። ከላይኛው ጫፍ ሲባጎ አንጠልጥሉና ድንጋይ እሰሩበት፣ እንደ ግንበኛ ቱንቢ። ከዚያ ልኩን አውጡ። እግሮቹ የቆሙበትን ሁለት ቦታ በችካል ምልክት አድርጉና ሲባጎው አግዳሚውን የነካበትን ጫር አድርጉ። አሁን እግሮቹን አቀያይሩ፣ የቀኙ የግራው በነበረበት ይቁም፣ እንደገና ጫሩ። የሁለቱ ጭረቶች መሃል ልኩ ነው። ሲባጎው እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ንፋስ ካለ ግን ጠብቁ።

ከማሳው ራስ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ከላይ ያልተያዘ ጎርፍ የታችኛውን እርከን ይበጥሰዋል። አንዱን እግር አቁማችሁ ሌላውን እያዞራችሁ፣ ልኩን ባገኛችሁበት ሁሉ ችካል እየተከላችሁ ማሳውን አቋርጡ። ቀጣዩ መስመር መሬቱ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ሲል ይሁን። ተዳፋቱ 20 በመቶ ከሆነ ይህ 5 ሜትር ገደማ ርቀት ነው። ከላይ ያለው ማሳ የጎረቤት ከሆነ አናግሯቸውና በደቦ አብራችሁ ሥሩት።

ቦዩ ስፋቱም ጥልቀቱም ግማሽ ሜትር ያህል ይሁን። አፈሩን ወደ ታች በኩል ከምሩና ጠቅጥቁት፣ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ እንዳይገባ ከአፉ አንድ ስንዝር አርቁት። አፈሩን ወደ ላይ መጣልም አለ፣ ፋንያ ጁ የሚባለው። መሬቱን ቶሎ ያስተካክላል፣ ጉልበት ግን ይበላል። ቦዩ ውስጥ በየጥቂት እርምጃው ሳይቆፈር የሚቀር ዝቅ ያለ ማገጃ ተዉ፣ ውሃው ወደ አንድ ጎን እንዳይሮጥ።

ክምሩ ላይ ደሾ ሳር ትከሉ። ከጨንቻ የወጣ ሳር ነው፣ አፈር ይይዛል፣ ታጭዶም ለከብት ይሆናል። ከብት ግን እርከኑ ላይ አትልቀቁ፣ ይንዱታል።

አንድ ነገር አደራ። በጣም ቀጥ ባለ ገደል ወይም መሬቱ መሰንጠቅ በጀመረበት ቦታ ቦይ አትቆፍሩ። እዚያ የሰረገ ውሃ መሬቱን ሊያንሸራትተው ይችላል፣ ከታች ደግሞ ቤት አለ። የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ጠርታችሁ አሳዩ።

የእኛው ከተማም ጉዳይ ነው። ከወንዶ ገነት የሚወርዱት ጅረቶች በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ሐይቃችን ይገባሉ፣ ሐይቁ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የመጣው ደለል እዚያው ይቀራል።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንዳባራ አካፋ ይዛችሁ ማሳውን ዙሩ። የተሸነቆረ ካለ በዚያው ቀን ድፈኑት።